መቶ ሃምሳ ግራም

ሸፊልድ ላይ ዘነበ፤ ቅዳሜ ጧት ነበር፤
የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጎባጣ ወንበር፤
እኔ ሚዛን ጠባቂ።
በእጄ ሳያልፍ የሚገጥም የለም፣ ጀማሪም ቢሆን አዋቂ።
ሕጉ ባንድ ትንፋሽ ያልቃል፦
መቶ ሃምሳ ግራም፤ በፀጉር ያለፈ ከሜዳው ይርቃል።

ጉንዳን ይሏቸዋል።
አንዱ በብስኩት ቆርቆሮ፣ አንዱ በጫማ ካርቶን፣
አንዱ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንዳይበርደው ሕፃን፣
ይዘው ይሰለፋሉ።
"ባትሪው አላበጠም? ስለቱስ ሽፋን አለው?" እላለሁ፤
"አዎን፣ አዎን" ይላሉ።

ቤሪል ኦልድሮይድ መጣች፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፤
ሠላሳ ዓመት ቢላ ስትስል፣ ተሸርፎ የቀረ የሌባ ጣቷ።
ያመጣችው ሮቦት፣ "ቁንጫ" ነው ስሙ፤
የተጣለ መጋዝ ነው የፊቱ ምላስ፣ የአሻንጉሊት መኪና ቅልጥሙ።

ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ዋለለና ቆመ፦ መቶ ሃምሳ ሁለት።
መነጽሯን ጠርጋ አነበበችው፣ እንደ መብራት ሒሳብ፣ ስሕተት እንዳለበት።
"የኩሽናዬ ሚዛን" አለች፣ "ዱቄት ላይ እውነተኛ፣
ብረት ላይ ሌባ ነው።" ሣቀች። እኔ አልሣቅኩም፤ ዳኛ ነኝ፣ ዳኛ።

አንድ ብሎን ፈታች፦ መቶ ሃምሳ አንድ ነጥብ ስምንት።
ተለጣፊውን ላጠች፦ ነጥብ ሰባት።
በቀይ ቀለም የጻፈችውን ስም በምላጭ ፋቀችው፦ ነጥብ ስድስት።
ስም ይህን ብቻ ነው ለካ የሚመዝነው!
አሥር ደቂቃ ቀራት።

ከኋላዋ ዙበይር፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤
በመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚዋ እሱ፤ ሰሌዳው ከፊቱ።
ዝም ቢል ያልፍ ነበር፣ ያለ ላብ፣ ያለ ፊሽካ።
አንገቱን አስግጎ፣ "እትዬ" አለ፣ "ሽቦው ረዝሟል፣
የልብስ ማስጫ ገመድ ነው ለካ!"

"ቁረጥልኝ" አለችው። እሱ ቆረጠ፣ እሷ በየደች።
የቆርቆሮው ጢስ ዓይኗን ሲያቃጥላት፣ እጇን ግን አላነቃነቀች።
መቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ።
ማኅተም መታሁ።

ሜዳው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፣ ጥጉ ላይ ጉድጓድ ያለው።
የልጁ ማሽን እንደ ተርብ ጮኸች፣ የቁንጫን አንድ ጎማ ነቅላ ጣለችው፤
በቀረው ጎማ አንክሶ፣ ምላሱን ከሆዷ ሥር ሰደደና ገለበጣት።
ጀርባዋ ላይ ቀረች፣ እየተሽከረከረች፣ እንደ ጢንዚዛ።
አሥር ድረስ ቆጠርን። ዙበይር ፈገግ አለ፣ ከንፈሩ ግን ወዛ።

እሷ ግን የልጁን ስለት አነሣች፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤
"ይሄ አልተሳለም፣ ተፍቋል እንጂ" አለች።
ከቦርሳዋ ድንጋይ አወጣች፣ በምራቋ አራሰች።
ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳለች፣ ሳለች፣ ሳለች።
የሽቦውን ብድር በስለት ከፈለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ በተሸናፊዎች በር ዞሮ ዞሮ መጣ፤
ዳግም ገጠማት፣ ያ ስለት ባንድ ምት ሰንጥቆት ወጣ።
ቁንጫ ለሁለት። ምላሱ ጣሪያ ነክቶ ወደቀ።
ቤሪል ተነሥታ አጨበጨበች፦
"አያችሁ? ሲሳል እንዲህ ነው!" አዳራሹ ሣቀ፤
እኔም ሣቅኩ፣ ዳኝነቴን ረስቼ።

ሲመሽ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ወለሉን ጠረግሁ፤
ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተጠቀለለ ሽቦ አገኘሁ።
ሚዛኑ ላይ ጣልኩት፦ አንድ ነጥብ ሰባት።
መብራት አጠፋሁ። ሽቦውን ግን አልጣልኩትም።
ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ አላባራም።