ሦስተኛው መስኮት

በአንድ ስክሪን ሦስት መስኮት፦
አንዱ ሐይፋ፣ ነጭ ጋዋን፣ ከኋላ የፋይል መደርደሪያ፤
አንዱ ነቲቮት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ታብሌቱ በስኳር ዕቃ ተደግፎ፣ የሚታየው ግማሽ ፊት ግማሽ ጣሪያ፤
ሦስተኛው እኔ፣ ቂርያት ጋት፣ ካሜራዬ የተዘጋ፣
ስሜ «አስተርጓሚ»፣ ድምፄም በደቂቃ ዋጋ።

የተፈቀደልን ሩብ ሰዓት ነው፤
ሦስቱን ደቂቃ «ይሰማል ወይ?» በላው።
የልጅ ልጅየዋ ኦሽሪት መሣሪያውን አብርታ
«እንዳትነኩት» ብላ ወደ ሥራ ሄዳለች፣ በሩን ዘግታ።

«እንዴት ሰነበትሽ?» አለች ዶክተር ራኒያ።
ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም።
ሥልጠናው «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» ይላል፤
የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ግን በእኔ አፍ «አንቺ» አትባልም።
«እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ። ጨመርኩ።

እማማ ትርንጎ፣ ወደ ጣሪያው፦
«ተመስገን፣ ደኅና ነኝ። እሷስ ደኅና ናት? ልጆቿስ? እናቷስ?»
ይህንንም አደረስኩ።
ፎርሙ ላይ «ደኅና» የሚል ሣጥን አለ፤
ምልክቱ እስኪያርፍበት ጠበቅሁ።
አላረፈም።
ዶክተሯ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ
«ግራ እጃቸው የታለ?» አለች።

ከጋቢው ሥር ነበረ፤
ከፋሲካ ማግስት፣ ያ ጎናቸው በድንገት ከከዳ፣
ከልጅ ከጎረቤት ተሸሽጎ የከረመ
እንደማይከፈል ዕዳ።

«ምን ይታያል? በድን ለሰው አያሳዩም።»
ይህን ስተረጉም ድምፄ ቀጠነ።
ሐይፋ ዝም አለች።
ዕብራይስጧ እንደ እኔው ነው፣ እናቱ ሌላ ቤት ያለች፤
በዐረብኛ አስባው ይሆናል፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«በድን ከመባሉ በፊት ይህ እጅ ሥራው ምን ነበረ?»

ከፎርሙ ውስጥ የለም ይህ ጥያቄ።

«ሸክላ» አሉ እማማ፤
ፊታቸው ሙሉ ሆኖ መስኮቱ ውስጥ ገባ።
«ወለቃ እያለን፣ ገንቦ ስሠራ፣
ከውጭ የሚመታው ቀኝ ነው፤ ከውስጥ የሚደግፈው ግራ።
ገበያተኛ የሚያመሰግነው ቀኙን ነው፤
ግራው ባይኖር ግን፣ ገንቦው ጭቃ ነው።»

በፖስታ የተላከላቸው ሊጥ አለ፣ ለጣት መጭመቂያ፣ አረንጓዴ።
«እስቲ ይኼ ምን ይሸታል? አፈር ዘመዱ አይደለም፤ የሕፃን መጫወቻ!»
ዶክተሯ ሳቀች። «እውነታቸውን ነው በያቸው፤
ለዛሬ ብቻ ገንቦ ይሁን።»
ከዚያ የራሷን ግራ እጅ አነሣች፣
ጣቶቿን እንደ ገንቦ ሆድ አጎበጠች፣
ካሜራው ፊት አቆመችው።
ጠበቀች።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሰዓታችን አልፏል።
የምተረጉመው ስለሌለ ሥራ ፈታሁ፤
የማቀዝቀዣዬን ድምፅ ሰማሁ።

በዚህ መኻል መስመሩ ተበላሸ፤ ሐይፋ ደረቀች፤
ዶክተሯ ዓይኗ እንደተከደነ፣ እጇ እንደተነሣ፣ ፎቶ ሆነች።
ያን ጊዜ ነው የነቲቮቱ አውራ ጣት
በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጥ ልጅ
ንቅንቅ ያለው።
አንዴ።

«አመለጠኝ?» አለች ስትመለስ።
ማንም ሳይናገር፣ በራሴ አፍ፣ በሁለቱም ቋንቋ
«ነቃነቁት! እኔ አይቻለሁ!» ብዬ ጮኽኩ።
እማማ በቀኝ እጃቸው ሊጡን አንሥተው ካሜራው ላይ ለጠፉት፤
ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚያበራ አረንጓዴ፣
መኻሉ ላይ አንዲት ስርጉድ፣
አንዲት የምስር ፍሬ የምትሞላት።

ዶክተሯ አላጨበጨበችም። «ጎበዝ» አላለችም።
«ያማል?» ብላ ጠየቀች።
«አዎ» አሉ፣ ዛሬ ገና። «ሌሊት ሌሊት ያማል።
ለልጆቼ አልነግራቸውም። አንቺ ግን ለሷ ንገሪልኝ።»
ነገርኩላቸው።
ብዕሯ ያኔ ተነሣ።

የአስተርጓሚ ቅጽ። የተፈቀደ፦ አሥራ አምስት ደቂቃ።
የቆየው፦ ሠላሳ አራት። የመዘግየቱ ምክንያት፦
ባዶ ተውኩት።
ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ነው ያየሁት፤
ግራ እጄ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ማንም ሳያዘው ጎብጦ።