የዘጠኝ ቁጥር እጣቢ

ሌላው በጎል ብዛት ያስታውሰው እሱን፤
እኔ ግን የማውቀው ሳጥብ ነው ልብሱን።
ሙርዶ ጌዲስ ሲባል፣ ያ የወደቡ ልጅ፣
ከሰሜን ባሕር ዳር፣ ከነፋሱ ደጅ፣
መጣ አንድ ነሐሴ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ጫማው በፌስታል ውስጥ፣ ጨው ጨው ይላል ኮቱ።
አባቱ በወደብ መረብ ጠጋኝ ናቸው፤
ቀዳዳ ሲደፍኑ አለቀ ዕድሜያቸው።
ልጅ ደግሞ ኑሮውን መረብ ቀዶ ያዘ፤
እንዲህ ነው ያ ቤት ሁሉ በመረብ ተያዘ።

ሰኞ ጠዋት ማሊያው ደጄ ይከመራል፤
ጆሮ ለሰጠው ሰው ጭቃም ይናገራል።
የክንፉ ተጫዋች ነጭ ነው እንደ ወተት፣
ከመስመሩ ጥግ ነው የዋለው በሽሽት።
የሙርዶ ዘጠኝ ግን፣ በደረቱ አርሶ፣
በግንባሩ ገጭቶ፣ ያፈር ካባ ለብሶ፣
ይገባል ከጎሉ ከኳሱ ጋር አብሮ፣
ጭንቅላቱ በመረብ እንደ ዓሣ ታስሮ።

"አገባ! አገባ!" ይላል ሕዝቡ ቆሞ፤
መቶ ስድሳ ሦስቴ አገባ ደጋግሞ።
ሞይራ ግን በዝናብ፣ ከጣራው ጠርዝ በታች፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ጣቷን ታሻሻለች።
"ለከተማው ሁሉ አገባህ፣ የኔስ ነገር?"
አለችው እየሳቀች፤ ሳቋ ሳቅ አልነበር።
ባቡር ይዟት ሲሄድ፣ ቅዳሜ፣ አበርዲን፣
ሁለት አስቆጥሮ አሸነፍን ያን ቀን።
ማሊያ ኪስ የለውም፤ አገላብጬ አየሁት፤
ያ ወሬኛ ጭቃ ዝም አለ ያን ዕለት።

ከዚያ ያ ጥር መጣ። ሜዳው ሆኗል ብረት፤
ዳኛው በተረከዙ ረገጥ አረገበት፣
"ይቻላል" አለና ፊሽካውን ነፋ።
ሙርዶ ሲዞር ብቻ አንድ ነገር ጠፋ፤
ድምፁን በረኛው ሰማ፣ ከዚያ ማዶ ጫፍ፣
እንደ ደረቅ እንጨት።
ሐኪሙ ጉልበቱን ዳሰሰና ዝም አለ፤
ጉልበት ከጉልበት ጋር አብሮ ተነቀለ።
ሰኞ ማሊያው መጣ፣ አንድ ጉድፍ የለው፤
ውርጭ ልብስ አያቆሽሽም፣ ሰውን ነው 'ሚጥለው።
ያም ሆኖ አጠብኩት።

ሦስት ዓመት ገበያ ለዓሣ በረዶ አካፋ፤
ቡድኑም በዚያ ጊዜ ወርዶ ወርዶ ጠፋ።
ከዚያ ጠሩት፣ መጣ፣ አሰልጣኝ ተባለ፤
በዚያ ደመወዝ ሌላ ማን እሺ ሊል አለ?
ያቺ የኖራ መስመር፣ ስፋቷ ሦስት ጣት፣
ዝናብ የሚያጥባት፣
አንድም ቀን ሲሻገር ልብ እንኳ ያላላት፣
አሁን ግንብ ሆነችው። ከወዲህ ይጮሃል፤
ከወዲያ ነፋሱ ቃሉን ይውጠዋል።

ኮት ኪስ አለው ደግሞ። በግንቦት ሲመጣ፣
ፊሽካ፣ የሚንት ከረሜላ፣ እርሳስ ከኪሱ ወጣ፣
ስም የተሰረዘበት እርጥብ አሰላለፍ፣
የአበርዲን ቲኬት፣ ያልተበሳ፣ እጥፍ እጥፍ።
ኮቱን አጠብኩና፣ ቲኬቱን ከቦይለር
ላይ አድርቄ መለስኩ። አልተነሣም ነገር።

አንድ ቅዳሜ ሩሪ፣ ዘጠኝ ለባሽ ልጁ፣
ፍጹም ቅጣት ምቱን ላከው ካጥር ደጁ።
ኳሷስ ገባች፣ ገባች፣ ግን ባሕር ውስጥ ገባች፤
የልጁ ማሊያ አንገት በእንባ ረጠበች።
ማታ ሙርዶ መጣ ከልብስ ማጠቢያዬ፤
"ይሄን እኔ ልጠብ" ሲል፣ "ምን ነካህ ጌታዬ?"
ብዬ ሳልጨርስ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣
ከሌሎቹ ቀላቅሎ፣ ሳሙናውን ደርቦ፣
ፍል ውሃ ደፋበት።
ፍል ውሃ! ቀዩ ቀለም ነጩን ሁሉ በላ፤
አሥራ አንዱም ሮዝ ሆነ ከዚያች ማታ ኋላ።
በሮዝ ማሊያ ወጡ፤ ተሸነፍን ዳግም፤
ሩሪ አላገባም።

ሰኞ ክምሩ መጣ። የሩሪን ገለጥኩት፤
ደረቱ ላይ ጭቃ፣ አንገቱ ሥር ሣር አገኘሁት።
ለሙርዶ አልነገርኩም። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁ፣
አሸሁ፣ ጨመቅሁና እጣቢውን ደፋሁ፤
ቦዩን ይዞ ወርዶ፣ በመረቦቹ ሥር፣
ገና ሮዝ እንደሆነ ሄደ ወደ ባሕር።