በኅዳጉ ላይ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ተረኛ ነኝ ዛሬ፤
በጋውኔ ኪስ ውስጥ ገለባና ፍሬ፣
የቆሎ ምትክ ሱፍ፣ ከመንገድ ገበያ፤
ከጉልበቴ ላይ ደግሞ፣ ለሌሊት ማንበቢያ፣
ዶክተር ጌናዲ ጡረታ ሲወጡ የተዉልኝ መጽሐፍ፣
ጀርባው ተገንጥሎ የሚሸት እንደ እርጥብ ምንጣፍ።

የዛሬ መቶ ስድሳ ዓመት የጻፈው ሐኪም
ራጅ አላየም፣ ስለ ተሐዋስያን አልሰማም፤
ጆሮ ነበረው። ጣት ነበረው። ወንበርም ነበር።
«ተቀመጥ» ይላል ምዕራፍ አንድ፣ «ከበሽታው በር፤
ሳትጠራ አትግባ።»
ደረት እንደ ጋን ነው፣ በጣት ይንኳኳል፤
(ጋን ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በርሜል ብሏል)
ባዶው ይጮኻል፣ የሞላው ያፍናል።

ተሳስቷል ደግሞ፣ ብዙ። ገጽ ሰማንያ ላይ
አልቅት ያዝዛል ለሳንባ ስቃይ፤
ጌናዲ በቀይ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ሰርዘው
«እግዜር ይማረው» ብለዋል፣ በሩሲያኛ፣ አሳጥረው።

ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለትን ግን አልነኩትም።
ሎተ ትባላለች። ልብስ አጣቢ። ሠላሳ አራት ዓመት።
«ጎኔን ነበር ያለችኝ፤ እኔ ልቧን አዳመጥሁት።
ሞተች። ጥፋቱ የኔ ነው።»
ይኸው ነው። ቀጥሎ ያለው
ስለ ሽንት ቀለም ነው።

አልጋ ሰባት ላይ አቶ ቢያድግልኝ ተኝተዋል፤
«ልቤን አጥወለወለኝ» ብለው መጥተዋል።
በስልክ ያስተረጎመችው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣
«ልቡን ያመዋል» አለች።
ምን ታድርግ? ልብ ልብ ነው በዕብራይስጥ።
ሦስቴ ኢሲጂ ተነሡ፤ ምንም የለም ከውስጥ።

ወንበር ሳብሁ። ተቀመጥሁ። ቆየሁ።
«አባባ፣ ልብ ያሉት የቱ ጋ ነው?» አልሁ።
እጃቸው ወረደ፣ ደረቱን አልፎ፣ እስከ ጎድን ሥር፤
«ይኸ ነዋ! ልብ ሌላ የት ሊኖር?»

ጣቴን በጣቴ ላይ አንኳኳሁ፣ ቁልቁል፣ ቀስ እያልሁ፤
ጋን፣ ጋን፣ ጋን ሲል ሰማሁ፣
ከዚያ ድንጋይ። ድንጋዩ ጎድንን አልፎ አራት ጣት።
ሲነጋ አልትራሳውንድ ይወርዳሉ። ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁት።

የሱፍ ገለባውን ከገጹ አራገፍሁ፤
ከሎተ ስም አጠገብ በእርሳስ ጻፍሁ፦
«ቢያድግልኝ ካሴ። አንጥረኛ። ሰባ አንድ ዓመት።
ጎናቸውን ነበር፣ ልብ ሲሉ።»
ሰዓቱን ልጨምር ስል ደወሉ፣
ከአልጋ ዐሥራ አንድ።