ዜሮ አራት ሃያ

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አሥር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ እንደ ቆሎ የምታምስበት።
ቢጁ መጣ፣ የኬራላው ሾፌር፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣
ያቺን ብርቱካናማ መብራት በመዳፉ እየሸሸገ።
«ወንድሜ፣ ሐሙስ ፍተሻ አለ። ከወደቀች ከደመወዜ ነው፤
ከፊሌ መኪናዋን እንጂ እኔን መች ደህና ነህ ወይ የሚለው?»

እጄን ከመሪው ሥር ሰደድኩ፤ ገመዱን ሰካሁ በቀዳዳው።
ማሽኑ ጥቂት አሰበና ፈረደ እንደ ዳኛው፦
ዜሮ አራት ሃያ።
ምክንያቱን አይነግርም። እሱ የሚያውቀው ክሱን ነው፤
ምስክር ፈልጎ ማምጣት የመካኒኩ ዕዳ ነው።

ኡስታዝ ዘርዋሊ ከወንበሩ ሳይነሳ «አጥፋው» አለ፣ «ይሂድ።»
ማጥፋትማ ቀላል ነው። አንድ ቁልፍ። መብራቷ ታንቀላፋለች፤
ሰማንያ ኪሎሜትር ቆይታ፣ ዱባይ መንገድ ላይ ትነቃለች።
ቢጁ ሁለቴ አስጠፍቷል፣ ሌላ ጋራዥ፣ በሠላሳ በሠላሳ ድርሃም፤
ሕመም ስሙ ስለተፋቀ ከሰውነት አይወጣም።

መጀመሪያ ጭስ ነፋሁበት፣ ስንጥቅ ካለ ይተንፍስ ብዬ።
አልተነፈሰም።
ከዚያ ሁለቱን ሴንሰሮች አየሁ፣ የፊቱንና የኋላውን።
የፊቱ ይለፍልፍ፣ ሥራው ነው፤ ቤንዚን በዛ፣ አየር በዛ ይበል።
የኋላው ግን ሽማግሌ ነው፤ ነገር ተጣርቶ ነው የሚደርሰው፤
ረጋ ማለት ነበረበት።
ይሄኛው እንደ ገደል ማሚቶ
የፊቱን ቃል ይደግማል፣ አንድም ሳያስቀር።
በመካከላቸው የሚያጣራ የለም ማለት ነው።

ሆዷ ሥር ገባሁ ተንጋልዬ።
ማጣሪያውን በጎማ መዶሻ መታሁት።
ባዶ በርሜል። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

እዚያ ውስጥ ሰፈፍ ነበር፣ ንብ ያልሠራው፣ ዓይነ ብዙ፣
ከወርቅ የሚወደድ ማዕድን በስሱ የተቀባ፤
መርዙን ጭስ ተቀብሎ የዋህ አድርጎ የሚሸኝ።
ቅኔ ነበር እንግዲህ፤ ሰሙም ወርቁም ባንድ ቆርቆሮ።
አንድ ሰው ሆዷን ቀዶ፣ ወርቁን ከነሰሙ ዘርግፎ፣
ባዶውን መልሶ ሰፍቷታል።

ስፌቱን በጨርቅ ጠረግሁት። ባትሪዬን አስጠጋሁ።
ብየዳ ሲረጋ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል፤
የሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ይሄ ወደ ሌላ ያዘነብላል።
በዚህ ሰፈር በግራው የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤
እናቱ ማንኪያ ከግራ እጁ እየነጠቀች ደጋን ላይ ያሳደገችው።

ሁለት ረመዳን አልፎታል። ሌሊት ነበር። ባለቤቷም ሌላ።
ዘርዋሊ «ቁረጥ» አለኝ፤ ቆረጥኩ።
ሚዛን የያዘ ሰውዬ መጥቶ ሆድ ዕቃዋን በኪሎ ገዛ።
ለእኔ መቶ ድርሃም ደረሰኝ፤ ላክሁት፤
ለወንድሜ ቤት የጣሪያ ሚስማር ሆነ።
ሚስማሩ እስካሁን ይዟል፤ ዝናብም አያስገባም አሉኝ።

«ለኋላው ሴንሰር ቀለበት ግባለት» አለ ዘርዋሊ፣
«ከጭሱ ትንሽ ይራቅ፤ ይዋሻል፣ ያልፋል።»
ቀለበቱን አንስቼ መዳፌ ላይ አገላበጥሁት።
ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።
መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ጣልሁት፤ ሲወድቅ ጮኸ።

አዲሱን ማጣሪያ በዱቤ ወሰድሁ፣ ከሦስት ወር ደመወዜ ሊቆረጥ።
ዘርዋሊ ሳቀ፤ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ።
የድሮ ብየዳዬን ስቆርጠው ብልጭታው አንገቴ ላይ ሰፈረ።
ማታ ላይ የኋላው ሴንሰር ረጋ፣
መስመሩ እንደ ባሕር ዳርቻ ውሃ ተኛ።

«ምን ነበር?» አለኝ ቢጁ ቁልፉን ሲቀበል።
«ብየዳ። መጥፎ ብየዳ።»
«ማነው የበየደው?»
«አንድ ግራኝ።»
ቁልፉን የሰጠሁበትን እጄን አየ፤ ፊቴን አየ፤
ምንም አላለም፤ ሞተሩን አስነሳ።

ተከትዬው በመስኮቱ ጎንበስ አልሁ፦
«መብራቷ ጠፋች ብለህ ዳነች እንዳትል።
መቶ ኪሎሜትር ንዳት፤ ቀስ ብለህ፤
ማሽኑ ራሱን መርምሮ እስኪጨርስ ድረስ
ገና ነው።»