አራተኛው ገመድ

ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤
ነዳጅ ብረግጥለት፣ በመሄድ ፈንታ ያስነጥሳል።
ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማርሽ፣
አሥር ጆንያ ሱፍ ጭኜ ወደ ኋላ ስሸሽ፣
አንድ ጓናኮ በጎኔ መጥቶ ቀደመኝ፤
አንገቱን አስግጎ ቆሞ አየኝ። ያዘነልኝ መሰለኝ።

አሮጌ ፎርድ ነው፤ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል፤
በቹቡት ጠጠር፣ በቹቡት ንፋስ ቀለሙ ተልጧል።
ግራ በሩን የምንዘጋው በሽቦ ነው።
ልቡን ግን ያማሁት ቀን አልነበረም፣
እስከዚህ ክረምት ድረስ።

ለሰው መኪና ሐኪም የማይሆን የለም።
"ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል" አለኝ ባለ ሱቁ አንሴልሞ፤
"ካርቡራተሩ ነው" አለ የጎረቤት ልጅ፣ ከንፈሩን አጣሞ፤
ፖስታ አመላላሿ ዶራሊዛ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳታስከፍት፣
"ሽጪው" አለችኝ፣ "ሳይሞት።"
ማጣሪያውን ቀየርኩ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ።
ስድስት አዲስ ካንዴላ ገዛሁ፤ የበግ ዋጋ ከፈልኩ።
ዳገቱ ግን አልተሸወደም፤
ያው ማነከስ ነው፤ ወደ ላይ የሚባል የለም።

አባቴን ለምን አልጠየቅሁትም?
አርባ ዓመት መካኒክ ነበር ኤውሴቢዮ ናዌልኪር፤
ገና ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ሞተር ሰምቶ
"የእገሌ ነው፤ ቫልቩ ላልቷል" የሚል ጆሮ ነበረው።
ጆሮው ከከዳው ግን ይኸው ሦስተኛ ክረምት፤
እኛም መጮኽ ሰለቸን፣ እሱም መገመት።

ማታ ጋራዡ ውስጥ ሳይጠራ መጣ።
ጓንቱን አወለቀ። መዳፉን ከኮፈኑ ጎን አሳረፈ፣
የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።
ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቀ።
"አንዱ አይሠራም" አለ፤ "አምስቱ ናቸው ስድስተኛውን የተሸከሙት።
ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀዪ።"

የመጀመሪያውን ነቀልኩ፦ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ሊጠፋ ደረሰ፤
መለስኩት። ሁለተኛውን፦ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰ።
ሦስተኛውም እንዲሁ።
አራተኛውን ነቀልኩ፤
ምንም።
ያው ድምፅ፣ ያው ንዝረት፣ ያው ጭስ።
"እሱ ነው" አለ አባቴ፤
"ሲነቀል የማይጎድለው፣ የታመመው እሱ ነው።"

ገመዱን በላስቲክ ጓንቴ እንደያዝኩ ቀረሁ።
እሑድ ምሳ ላይ፣ ወሬው ሲደምቅ፣
አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ይወጣል፤
ሳቃችን አይሰበር፣ ጨዋታው አይዛነፍ፣
ማንም ቀና አይልም።
እኔም።

"መብራቱን አጥፊ" አለኝ።
አጠፋሁ። ንፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
በጨለማው ውስጥ አየነው፦
ገመዱ ላይ፣ ጥፍር በማታክል ስንጥቅ፣
ሰማያዊ እሳት፣ ጭል… ጭል… ወደ ብረቱ ሲዘል፣
ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ሲባክን።
እሳቱስ ነበረ። መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው።

ጓሮ ከወደቀው ትራክተር ገመድ ፈትተን ቀየርን።
አስነሣሁ። አባቴ መዳፉን መልሶ አሳረፈ፤
የሌላ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያጥፍ አየሁት።
አምስት ላይ ጣት አለቀበት፤
የመጀመሪያውን እጅ ከኮፈኑ አንሥቶ
አውራ ጣቱን አጠፈ።
"ስድስት።"

ነገ ሱፉን ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ፤
ጓናኮው ካለ፣ ያየኛል።
ዛሬ ማታ ግን ወንበሬን ወደ ወንበሩ ሳብኩ።
አልጮኽኩም። ግሪስ ያልለቀቀውን መዳፉን ዘርግቼ
በጣቴ፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፍኩበት፦
ዶራሊዛ ሽጪው ብላኝ ነበር።
አነበበው። ቆየ።
ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤
ጠረጴዛው ነዘረ።