ያስቀረኋት አበባ

ተማም ከግብርናው በዝናብ በስብሶ፣
አሥራ ሁለት ችግኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ሂርማታ ድረስ መጣ፣ ቦቲው ጭቃ ለብሶ።
«እንጆሪ ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።
እኔ የማውቀው እንጆሪ ክንዴን የቧጨረኝ፣
ቀሚሴን ቀዶ ከእናቴ ያጣላኝ፣
በጅሬን ዳገት ላይ አጥር ለአጥር የሚሄድ
ጥቁር፣ እሾሃም ጎራ ነው፤
ማን ይተክለዋል? ማንስ ይኮተኩተዋል?
ይህኛው እሾህ የለው፣ ቁመት የለው፤
እንግዳ ቤት እንደ ገባ ልጅ
መሬት መሬት ያያል።

የዘይት ጄሪካን በቢላ ሰነጠቅሁ፣
ታቹን በጋለ ሚስማር ወጋጋሁ፤
ከመፈልፈያው ጓሮ አንድ ኬሻ ገለባ ለምኜ
(ቡናው አገር ጥሎ ሲሄድ ልብሱ ለኛ ይቀራል)
ፍሬው ጭቃ እንዳይነካው ሥር ሥሩን አነጠፍሁ።

«ስሚኝ» አለ ተማም፣ ጣቱን ቀስሮ፣
«የመጀመሪያውን አበባ እንዳትምሪው።
ቀንጥሺው። መጀመሪያ ሥሩ ይበርታ፤
ፍሬው ይቆይ ለከርሞ፣ አይሁን ዘንድሮ።»

ሰኔ ላይ አበቡ።
አምስት አምስት ነጭ ቅጠል፣ መሃሉ ቢጫ፣
የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ።
በጥፍሬ ቀነጠስሁ። ቆጠርሁ፤ ሃያ ሦስት።
አንገታቸው ሲቆረጥ ድምፅ የለውም፣
ግን ጥፍሬ አረንጓዴ ሆኖ ዋለ።
ሃያ አራተኛዋ ላይ
እጄ ደርሶ ተመለሰ።
ቅጠል ጎትቼ አለበስኋት።
«ጨረስሽ?» አለ ተማም በስልክ።
«ጨረስሁ።»

ሐምሌ የጅማ ሐምሌ ነው፤
ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፣
አዌቱ ሞልቶ የድልድዩን እግር ይገፋል።
የታሃን ካፖርት ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ
ቀንድ አውጣ ለቀማ ወጣሁ፤
አንድ ሌሊት፣ ሁለት፣ አምስት።
«ሴትዮ፣ ለአንድ ፍሬ?» ይላል ታሃ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።
እውነቱን ነው። ለአንድ ፍሬ።

ቀላች፣ በአንድ ጎኗ። በሌላው እንደ ጥርስ ነጭ ነበረች፤
ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም።
በምላጭ ለሦስት ከፈልኋት።
ታሃ አላመጠ፣ አሰበ፣ «ዝናብ ዝናብ ይላል» አለ።
ነጂሃ ድርሻዋን ውጣ ሰሃኑን ላሰች።
እኔ ኮምጣጣዋን ምላሴ ሥር አቆየኋት፣
እስክትጠፋ።

ነሐሴ ተማም መጣ።
አሥራ አንዱ ሐረግ ሰደው ከጄሪካኑ ወርደዋል፤
አሥራ ሁለተኛዋ እንደ ተተከለች ናት።
ጎንበስ አለ። «ይቺን ምን ነካት?»
«ቀንድ አውጣ ነዋ» አልሁት።
ነጂሃ በሩ ላይ ቆማ
ከንፈሯን ላሰች።