አራት ነጥብ ስምንት

ቤታችን ገደል ላይ፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣
ቢጫ ቀለሙ ለቆ፣ በጨው ጤዛ ርሶ፤
ከሥሩ ወደቡ፣ ከሥሩ ቫልፓራይሶ፣
ከታች መርከብ ሁሉ በሰፊው ተደርድሮ፣
ከላይ የኛ ጣጣ፣ አራት ነፍስ ታጉሮ፦
አንድ መታጠቢያ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣
ከውስጥ ፋቢዮላ፣ ከውጭ የኛ ሰልፍ።

አሥራ ስድስት ዓመቷ። ግንባሯ ላይ ወጥታ
የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብጉር፣ አገር ምድሩን ዘግታ፣
ችሎት ተቀምጣለች ከመስታወቱ ፊት፤
ይግባኝ የለው ፍርዱ፣ ቀጠሮው የዕለት ዕለት።

ቫለንቲን አሥራ አራት፤ ድምፁ ከጎረነነ
ሁለት ወሩ፤ ግን ገና ማን መሆኑን አልወሰነ፤
«እማዬ» ሲል ሽማግሌ፣ ከጉሮሮው ሥር ተነሥቶ፣
«ዳቦ» ላይ ሲደርስ ጫጩት፣ እናቱን ከመንገድ አጥቶ።
ስለዚህ አይናገርም። ትከሻውን ይሰብቃል፤
ትከሻ መዝገበ ቃላት መሆኑን ማን ያውቃል?
አንዴ ወደ ላይ «እሺ»፣ ሁለቴ «አልራበኝም»፣
ግማሹ «እባክሽ ተይኝ»፤ እኔ ግን አልተወውም።

ባሌ ሊሳንድሮ ጠጉሩ አልቋል፣ ግን ማበጠሪያ ይዞ ይሰለፋል፤
ሲጠየቅ፣ «ሰው ተስፋ ቢኖረው ምን ይከፋል?»

እኔ የገመድ ባቡር ነጂ፣ ከወደብ ወደ ኮረብታ
ሰው ከነጓዙ ስጎትት እውላለሁ እስከ ማታ፤
አንዲት ቁልፍ ስነካ ሃያ ሰው ሽቅብ ይነሣል፤
ቤቴ ግን አንዲት ካልሲ ለማስነሣት ዓመት ያንሳል።

ያ ሳምንት ግን ሣቅ አልነበረበትም። ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት
አምስት ሆነው ተሳፈሩ፣ አንድ ረጅም ልጅ አለበት፤
አፌ አመለጠኝ፦ «ዱባዬ!» አልኳት፣ በሕፃንነት ስሟ፤
ላይ እስክንደርስ ፊቷ ላይ ተሰበሰበ ያለ የሌለ ደሟ።

ከዚያ ሦስት ቀን ዝምታ። የማቀዝቀዣው በር ሆነ ፖስታ ቤት፤
«ሻምፑ አልቋል» ይላል ወረቀቱ፤ ስም የለበት፣ ሰላምታ የለበት።
«ይገዛል፣ ዱ…» ብዬ ጽፌ፣ ደንግጬ ሰረዝኩት።

ዓርብ ማታ፣
እሷ ከውስጥ፣ እኛ ከውጭ፣ በተለመደው ተርታ፣
መጀመሪያ ማንኪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ ተንሾካሾኩ፣
ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ ለጤናችን ተነካኩ፣
ውሻው አልጋ ሥር ገባ።
ከዚያ ኮረብታው ራሱ ትከሻውን ሰበቀ፣
ልክ እንደ ልጄ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ግድግዳው ሲጢጥ ብሎ ተጨነቀ።

በሩ ተበረገደ። ወጣች፦ በፎጣ፣ ራሷ ላይ የአረፋ ዘውድ፣
ፊቷ በአረንጓዴ ጭቃ ተለስኖ፣ አቤት ጉድ!
አራት ሰው ባንድ መቃን ሥር፣ ክርን ለክርን ተጣብቆ፣
ባሌ ማበጠሪያውን እንደ ጦር ከፊቱ ሰብቆ፣
እኔ ሁለቱን ልጆች ሳላስፈቅድ አቅፌ፣
(በደኅና ቀን ወንጀል ነው) አረፋ እየገባ ባፌ።

ምድር አደብ ገዛች። የሚሰማው ከፎጣዋ ጫፍ ጠብታ፣
ካልጋ ሥር ደግሞ የውሻው ስሞታ።
ቫለንቲን ነው የቀደመው፦ «ስንት ይሆናል?» አለ፤
«ስንት» ከምድር ቤት ወጥቶ፣ «ይሆናል» ጣራ ላይ ዋለ።
በኛ ቤት ልማድ ነው፤ ከራዲዮኑ በፊት
ሁሉም ግምቱን ይጥላል፤ የተሳሳተ ሳህን ያጥባል ያን ሌሊት።
«አምስት!» አለ ባሌ፣ ሁልጊዜም ያጋንናል፤
«አራት» አልኩ እኔ፤ ቫለንቲን ትከሻውን… ይኸ ስንት ይባላል?
ከአረንጓዴው ጭቃ ሥር፣ ሦስት ቀን የሰነበተ ዝምታ
ስንጥቅ አለ፦ «አራት ነጥብ ስምንት።» ደግሞም ጥቂት ቆይታ፦
«ዱባ አትሳሳትም።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ እንጃ። ጭቃው ከፊቷ ተፈረፈረ፣
ቫለንቲን በሁለት ድምፁ፣ ብቻውን ኅብረት ዘመረ፣
ውሻው እንኳ ብቅ አለ፣ ምን አመለጠኝ ብሎ።
ራዲዮኑ ተናገረ፤ እንደ ዱባ ቃል፣ ልክክ ብሎ።

እሷም ዘውዷን ይዛ ገባች፤ ቁልፉ ቀጭ አለ፤
እኛም መልሰን ተሰለፍን፤ ወረፋው መች ጎደለ፤
ባሌ ማበጠሪያውን በሱሪው ጠርጎ ያዘ፤
አራት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሳህኑ በኔ ተያዘ።

እጄ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ በግድግዳው በኩል፣ በወረቀት ሳይሆን፣
«እማ! ሻምፑ ገዛሽ ወይ?» ሲል ሰማሁ ድምጿን።
አልገዛሁም። ረስቼው ነው።
ዝም አልኩ፣
ደግማ እንድትጠራኝ።